የኤፖሲ የማታ መልእክት

ኤፖሲ ሞሉዋ ቤቷን ቆልፋ ከወጣች በኋላ ተመልሳ ቁልፉን የማትነካበት ቀን የለም። ጋዙን አጥፍቻለሁ ወይ ብላ ትመለሳለች፤ መስኮቱን ዘግቻለሁ ወይ ብላ ትመለሳለች። ሰፈሩ ለምዷታል። እኔም አብሬያት ስላደግሁ ለምጃታለሁ፤ ብቻ ታክሲ አስቁሜ እየጠበቅኋት ወደ ቤት ስትሮጥ ሳይ ደሜ ይፈላል።

እንዲህ ያለች ሰው ከኮምፒውተር ጋር ፍቅር መያዟ አይገርመኝም። «ሰው እሺ ብሎሽ ይረሳል፤ ይሄ ግን እሺ ካለ እሺ ነው» ትለኛለች። ሥራዋ በሻይ እርሻው ቢሮ ውስጥ የሚዛን ጸሐፊነት ነው። ፕሮግራም መጻፍ የተማረችው እዚያው ቢሮ ሊጣል ጥግ በተቀመጠ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ፣ ምሳ ሰዓቷን እየሠዋች ነው። ያን ኮምፒውተር አሁንም በወሬዋ ታነሣዋለች፤ ሰዎች የመጀመሪያ አስተማሪያቸውን እንደሚያነሡ።

እኔ ሊሙንጋ እባላለሁ፤ ፋኮ ተራራ ሥር ባለችው በቡዌያ ከተማ፣ ሞሊኮ ሰፈር የኮምፒውተር መጠገኛ ሱቅ አለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ፕሮግራም መጻፍ የሚወዱ ሰዎች እኔ ዘንድ ይሰበሰባሉ። ይሰበሰባሉ ስል ይሠራሉ ማለቴ አይደለም፤ ይጨቃጨቃሉ። ዋናው ጨቅጫቃ ሞላ ምቡዋ ናቸው። ሞላ የምንላቸው ለክብራቸው ነው፤ ፀጉራቸው ሸብቷል፣ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ናቸው፣ ሲ ከሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ በቀር ቋንቋ የተፈጠረ አይመስላቸውም። ኤፖሲ ደግሞ የምትጽፈው በፓይተን ነው።

«ፓይተን የሰነፍ ቋንቋ ነው» ይላሉ ሞላ፣ ፓፍፓፋቸውን፣ ያን በዘይት የተጠበሰ ድቡልቡል ሊጥ፣ ባቄላ ወጥ ውስጥ እየነከሩ።

«እርስዎ በሲ አንድ ነገር ጽፈው እስኪጨርሱ እኔ ሠርቼ፣ በልቼ፣ ተኝቼ እነሣለሁ።»

«ስትነሺም ፕሮግራምሽ ገና እየተንፏቀቀ ታገኚዋለሽ!»

«ኧረ ሁለታችሁም ያረጀ ነገር ላይ ነው የምትጣሉት» ትላለች ኤናንጋ፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጅ። በየወሩ አዲስ ቋንቋ ትጀምራለች፤ አንዱንም ስትጨርስ አላየሁም።

ኤፖሲ ብዙ ነገር ጽፋለች፤ የምትታወቀው ግን በአንዲት ትንሽ መሣሪያ ነው። የጻፈቻትም ለታናሽ ወንድሟ ለንዶሎ ነው። ንዶሎ የሚጥል በሽታ አለበት። ሊምቤ በምትባል የባሕር ጠረፍ ከተማ የጀልባ ሞተር ይጠግናል፣ ብቻውን ይኖራል፣ በየማታው ኪኒን መዋጥ አለበት። ልጅ ሳሉ አንድ ቀን ወንዝ ዳር ወድቆ፣ ፊቱ ውኃ ውስጥ ሆኖ ያገኘችው እሷ ናት። ጎትታ ያወጣችውም እሷ ናት። ስለዚያ ቀን ብዙ አታወራም፤ ቁልፍ ለመንካት ስትመለስ ግን እስከዚያ ወንዝ ድረስ የምትመለስ ይመስለኛል።

መሣሪያዋ በመሸ ቁጥር ወደ ስልኩ አጭር መልእክት ትልካለች፦ «ንዶሎ፣ መሽቷል። ኪኒንህን ዋጥ።» እሱም «እሺ» ብሎ ይመልሳል። ሌላ ነገር የለውም፤ እሺ ብቻ። አንዲት የክሊኒክ ነርስ ይህን ሰምታ «ለእኔም በሽተኞች አድርጊልኝ» አለች፤ የስኳሩም፣ የደም ግፊቱም፣ የሳንባውም ሰው ገባበት። ኤፖሲ ኮዱን ማንም እንዲወስደው ክፍት አድርጋ ስላስቀመጠችው፣ የማናውቀው ሰው ከማላዊ የውኃ ፓምፑን ማጥፋት እንዳይረሳ እየተጠቀመበት መሆኑን ጽፎላት ነበር። ያን ቀን ፓፍፓፉን ለሁላችንም የገዛችው እሷ ናት።

ከዚያ ከተማችን ውስጥ ኢንተርኔት ጠፋ። ስልክ ይደወላል፣ አጭር መልእክት ይሄዳል፤ ኢንተርኔት ግን የለም። ለምን እንደጠፋ፣ መቼ እንደሚመለስ የሚነግረን አልተገኘም። የኤፖሲ መሣሪያ የምትሠራው ሩቅ አገር ባለ የኪራይ ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ መሣሪያዋ አልተቋረጠችም፤ የተቋረጥነው እኛ ነን። አንዲት መስመር ለማረም እንኳ የሙንጎን ድልድይ ተሻግሮ ኢንተርኔት ወዳለበት ወደ ዱዋላ መሄድ ግድ ሆነ።

ስለዚህ አዲስ ልማድ አወጣን። ሞላ ምቡዋ ቅዳሜ ጧት ዕቃ ሊያመጡ ዱዋላ ይወርዳሉ፤ ሁላችንም የጻፍነውን በፍላሽ እንሰጣቸዋለን። በእያንዳንዱ ፍላሽ ላይ ሁለት ፎልደር አለ፤ አንዱ «ዝግጁ» ይባላል፣ ሌላው «ያላለቀ»። ሞላ ዱዋላ ሲደርሱ ዝግጁ ውስጥ ያለውን ይጭናሉ፣ ያላለቀውን አይነኩም። ወደ ኪራይ ኮምፒውተሮቹ መግቢያ የሆነው ፋይልም እዚያው ፍላሹ ላይ ነው። አንድ ጥብቅ ደንብ አለ፦ ተሸካሚ የሰው ኮድ ከፍቶ አያይም። ደንቡ የወጣው በሞላ ምክንያት ነው፤ በመጀመሪያው ጉዞ የኤናንጋን ኮድ ከፍተው አይተው ሲያሾፉባት ስለሰነበቱ ልጅቷ አልቅሳለች።

የዚያን ሳምንት ኤፖሲ የምታርመው ነገር ነበራት፤ ለአንዳንድ በሽተኞች መልእክቱ ሁለት ጊዜ እየሄደ ነበር። ሁለት ጊዜ ዋጥ የተባለ ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ቢውጥስ? ይህ እንቅልፍ ነሣት። ስትሞክረው ደግሞ በሽተኞቹን እንዳትረብሽ ብላ፣ ማንኛችንም የምናደርገውን አደረገች፦ መልእክቱ ሁሉ ወደ ራሷ ስልክ እንዲመጣ የራሷን ቁጥር ኮዱ ውስጥ አስገባች። ለማን ሊሄድ እንደነበረም ስምና ቁጥሩ መጨረሻው ላይ እንዲጻፍላት አደረገች። ሙከራው ሲያልቅ ያ መስመር መጥፋት አለበት።

ቅዳሜ ጧት ሞላ በሯ ላይ ደርሰው ክላክስ ሲያደርጉ ኤፖሲ ጋዙን ልታይ ወደ ውስጥ ተመልሳ ነበር። ክላክሱ ሲደጋገምባት ላፕቶፑን ከፍታ፣ የታረመውን ገልብጣ፣ ፍላሹን ነቅላ ሮጣ ሰጠቻቸው። ለጋዙ ተመልሳለች፣ ለመስኮቱ ተመልሳለች። ለዚያ መስመር አልተመለሰችም።

ከሰዓት በኋላ ሱቄ መጥታ እርማቷን ለኤናንጋ ልታሳይ ላፕቶፗን ከፈተች። ጉም ከፋኮ ተራራ ወርዶ መንገዱን ይዞታል፤ መብራት ስለሌለ በመኪና ባትሪ ነው የምንሠራው። እያስረዳቻት ሳለ በመሃል ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። ቀና ብዬ ሳያት ፊቷ አመድ መስሏል።

«ምን ሆነሻል?»

«ቁጥሬ» አለች። «ሊሙንጋ፣ ቁጥሬ እዚህ አለ። ዝግጁ ውስጥ የከተትኩት ይሄንን ነው።»

ኤናንጋ ገና አልገባትም ነበር። «እና?»

«እናማ ዛሬ ሲመሽ ለአንድም በሽተኛ መልእክት አይደርሰውም! ሁሉም ወደ እኔ ነው የሚመጣው! የንዶሎም!»

ለሞላ ደወለች። እኔም ድምፃቸውን እሰማለሁ፤ ስልክ ላይ ሲያወሩ ይጮኻሉ።

«ጭኛለሁ ልጄ፣ በሰላም ጭኛለሁ። አሁን ወደ ቤት እየመጣሁ ነው።»

«ሞላ፣ ይመለሱልኝ! ስህተት ነው የሰጠሁዎት!»

«ዝግጁ ውስጥ ነበረ እኮ።»

«ስህተት ነው እያልኩዎት! ኮዱን አላዩትም?»

«የሰው ኮድ አልከፍትም» አሉ ሞላ፣ ትንሽ ቅር ብሏቸው። ወዲያው ግን ድምፃቸው ተለወጠ። «ቆይ፣ የበሽተኞቹ ነው?»

ተመለሱ። ወደ ዱዋላ ሲመለሱ ግን ሙንጎ ድልድይ ላይ የሙዝ መኪና ተገልብጦ መንገዱን ዘግቶት አገኙት። ሰዉ መኪናውን አጥፍቶ ወርዶ ሙዝ ይለቅማል አሉን። ዱዋላ ያለ ሌላ ሰው እንዳንጠይቅ መግቢያው ፋይል ያለው እሳቸው ኪስ ውስጥ ባለው ፍላሽ ላይ ነው። የበሽተኞቹ ቁጥር ያለው ሩቅ አገር ባለው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ነርሷን እንዳንጠይቅ ደግሞ ቅዳሜ ነው፣ ክሊኒኩ ዝግ ነው፣ እሷም ለቅሶ ገጠር ወርዳለች፤ ስልኳ አይሠራም። በዚህ ሁሉ መሃል ኤፖሲ ወደ ንዶሎ ትደውላለች። ይጠራል፣ አይነሣም።

«ስልኩን ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ዘግቶ ዓሣ የምትጠብስ ሴት ዘንድ ነው የሚያስቀምጠው» አለች፣ ለእኛም ለራሷም። «የባሕሩ ጨው እንዳይበላበት። ሥራ ሲጨርስ ይወስደዋል። መልእክቱን ሲያይ ነው ኪኒኑን የሚውጠው።»

«ታዲያ ሲወስደው ያነሣልሻል» አልኳት።

«ባይወስደውስ? አሁን ወድቆ ከሆነስ? ውኃው እኮ እግሩ ሥር ነው፣ ሊሙንጋ!»

«ጻፊለት።»

«ጽፌለታለሁ።»

ደግማ ደወለች። ቆማ ደወለች፣ ተቀምጣ ደወለች፣ በሩ ላይ ወጥታ ጉሙ ውስጥ ቆማ ደወለች። እኔ ቁጣ ይቀናኛል፤ ሰው ሲጨነቅ ሳይ እሳደባለሁ። «ተይ እንግዲህ! የደወልሽ ቁጥር እሱ ቶሎ ይመጣል እንዴ?» አልኳት።  ንዶሎን ግን እኔም በጀርባዬ አዝዬዋለሁ፤ ሲወድቅም አይቼዋለሁ።

በመጨረሻ ቦርሳዋን አነሣች። «ሊምቤ እወርዳለሁ» አለች። ማንም አልከለከላትም። እስከ መንገዱ ተከተልኳት፤ ታክሲ ቆመ፣ ሰዎቹ ጠጋ ጠጋ አሉላት፣ አንድ እግሯን አስገባች። ከዚያ ስልኳን አየች። የሁሉም መልእክት ከነስማቸውና ከነቁጥራቸው ወደዚያ ስልክ ነው የሚመጣው። ቁልቁለቱ ላይ ጫካው ጋ ሲደርሱ የስልክ ኔትወርክ ይጠፋል፤ ሁላችንም እናውቃለን።

«ስልኩን ለእኔ ስጪኝና ሂጂ» አልኳት።

«እሱ ቢደውልስ?»

ሾፌሩ «እመቤት፣ ወይ ግቢ ወይ ውጪ!» አለ።

ወጣች። ታክሲው ሄደ። ወደ ሱቁ ስትመለስ እጄን ይዛ ነበር። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትመለስ ደሜ አልፈላም።

ሊመሽ ሲል ጠረጴዛውን ከበን ተቀመጥን፤ እኔ፣ ኤናንጋ፣ ሌሎቹም የቅዳሜ ሰዎች፤ ሁላችንም ስልካችንን ይዘናል። የኤፖሲ ስልክ መሃል ላይ ባትሪው ላይ ተሰክቷል። ማንም ስለ ፓይተን አላወራም።

ስልኩ ተንቀጠቀጠ። «ኢያ ናሞንዶ፣ መሽቷል። ኪኒንሽን ዋጪ።» ከሥሩ ቁጥሩ። ኤናንጋ ተሻማችና ደወለች። ገና ሳታነሣላት ሌላ ገባ፣ ሌላም። እየተቀባበልን መደወል ያዝን። ሱቁ ገበያ ሆነ።

«እናቴ፣ ኪኒንዎን የሚውጡበት ሰዓት ደርሷል» ትላለች ኤናንጋ።

«አንቺ ማነሽ?»

«እኔ… የማታው መልእክት ነኝ፣ እናቴ።»

«ውይ! ዛሬ አፍ አወጣሽ?»

ለእኔ የደረሱኝ አንድ ሽማግሌ ደግሞ «በየማታው የምትጽፍልኝ አንቺ ነሽ?» አሉኝ። አይደለሁም፣ ማሽን ነው የሚጽፈው፣ የሠራችው ልጅ ግን ጎኔ ተቀምጣለች አልኳቸው። «ንገሪያት፣ እኔ ሰው መስላኝ ደህና እደሪ ስላት ነው የኖርኩት» አሉ። ሌላው ተበሳጨብኝ፤ የጀመረውን ኳስ አቋርጬበት ነው። ቢሆንም ዋጠ፤ ሲውጥ ሰማሁት።

ኤፖሲ በራሷ ስልክ ትደውላለች፣ በመሃል መልእክት ይገባላታል፣ ለእኛ ታነብልናለች፣ እንደገና ትደውላለች። ስልኳ ፋታ አላገኘም። እንዲያም ሆኖ እያንዳንዱን ሰው በስሙ ትጠራለች። ከዚያ የገባውን አንዱን መልእክት አላነበበችልንም። አንገቴን አስግጌ አየሁት፦ «ንዶሎ፣ መሽቷል። ኪኒንህን ዋጥ።»

ደወለች። ዝግ ነው። ከሰዓት በኋላ ሁሉ ሲጠራ የዋለው ስልክ አሁን ጭራሽ ተዘግቷል።

«ባትሪ ይሆናል» አለች ኤናንጋ።

ኤፖሲ እንደገና ደወለች። የቀሩትን በሽተኞች እኛው ጨረስን፤ እሷ ያንኑ ቁጥር ትጫናለች፣ ያቺው የቴሌ ሴት ዝግ ነው ትላታለች፣ እንደገና ትጫናለች። የመጨረሻው ሰው ከተደወለለት በኋላ ስልኮቻችንን አስቀመጥን። ያኔ ኤፖሲ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ማልቀስ ጀመረች። «የሰውን ሁሉ ወንድም አድኜ የኔን ገደልኩት» አለች።  ፈራሁ፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ሞቷል ብዬ ነበር።

የሱቁ በር በኃይል ተበርግዶ ተከፈተ። ንዶሎ ነው፤ ከራሱ እስከ እግሩ በዝናብ በስብሷል፣ እጁ ላይ የሞተር ቅባት አለ፣ ጫማው ጭቃ ነው። ትንፋሽ አጥሮታል።

«የት አለች?» አለ። ከዚያ አያት። «አለሽ እንዴ?» ብሎ ጮኸ። «አለሽ? ታዲያ ምን ሆነሽ ነው ስልክሽን የማታነሺው!»

ኤፖሲ ዘላ ተጠመጠመችበት። «እኔ ነኝ የማላነሣው? አንተ አይደለህ የዘጋኸው!»

«መቼ ዘጋሁት! ስደውል ተይዟል፣ ስደውል ተይዟል፣ ሽቅብ ስንመጣ ባትሪው አለቀ። ያ ሁሉ ጥሪስ ምንድን ነው?» አለና ወደ እኔ ዞረ። «እህት ሊሙንጋ፣ አንቺ ፍረጂኝ። ስልኬን ሣጥን ውስጥ አገኘሁት፤ ያልተነሣ ጥሪ ሞልቶበታል። ደውላልኝ የማታውቅ ሴት! የጻፈችውስ? ‹ንዶሎ ቶሎ ደውልልኝ›። በቃ ይሄው ነው። የማታው መልእክት ደግሞ የለም። አንቺ ብትሆኚ ምን ትያለሽ?»

ኤፖሲን አየኋት። ከሰዓት በኋላ ሁሉ ጽፌለታለሁ ስትለን የዋለችው ይኸው ነው። ማስታወሻ የሚልክ መሣሪያ የሠራች ሴት፣ ስለ ኪኒኑ አንዲት ቃል አላስገባችበትም።

«ኪኒንህንስ?» አለች፣ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ። «ዋጥከው? ንገረኝ፣ ዋጥከው?»

«ታክሲ ውስጥ ዋጥኩት።»

«ማን አስታወሰህ?»

ንዶሎ ግራ ገብቶት አያት። «ምን ማስታወስ ያስፈልገዋል? ይመሻል፣ እውጣለሁ። ሁልጊዜም መልእክትሽ ሳይመጣ ነው የምውጠው።»

«ታዲያ ‹እሺ› የምትለኝ ለምንድን ነው?»

 ከፀጉሩ የሚወርደውን ውኃ በክንዱ ጠረገ። «እኔ እሱን ለኪኒኑ ብዬ መቼ አነበዋለሁ፣ ኤፖሲ? ሲመጣ እህቴ አለች ማለት ነው። ከዚያ እተኛለሁ» አላት። «ዛሬ አልመጣም።»

ኤናንጋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔም ሰበብ ፈልጌ ደረቅ ልብስ ላመጣለት ወደ ጓዳ ገባሁ፤ ለልብሱ ያን ያህል ጊዜ አያስፈልግም ነበር።

ሞላ ምቡዋ መንገዱ ሲከፈትላቸው ዱዋላ ደርሰው የድሮውን መልሰው ጫኑት። በማግሥቱ በሽተኞቹ መልእክታቸው ደረሳቸው፤ ነርሷ እንደነገረችን አንዳንዶቹ «የትናንቷ ልጅ ለምን አልደወለችም?» ብለዋል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሞላ ሱቁ በር ላይ መኪናቸውን አቁመው ፍላሽ ሰበሰቡ። የኤፖሲን ሲቀበሉ ግን ወደ መኪናው አልሄዱም። ከጠረጴዛው ላይ ላፕቶፕ ሳቡ፣ ፍላሹን ሰኩ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ዝግጁ የሚለውን ፎልደር ከፈቱ።

«ደንቡስ?» አለች ኤናንጋ።

«ደንቡ የወጣው በእኔ ምክንያት ነው፤ ዛሬ እኔው አፍርሼዋለሁ» አሉ ሞላ። ቀስ ብለው አነበቡ። ስለ ፓይተን አንድ ክፉ ቃል አልተናገሩም፤ ያ ራሱ አስፈራኝ። ከዚያ ጣታቸው አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«ኤፖሲ፣ ልጄ፣ ነይ እዪው። አሁንም ቁጥርሽ አለበት። የሌላው ሰው ሁሉ ተስተካክሏል፤ የአንዱ ብቻ ወደ አንቺ ስልክ ነው የሚመጣው። የወንድምሽ።»

ኤፖሲ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንግታ ቆማለች። ስክሪኑን ለማየት እንኳ ጎንበስ አላለችም።

«አውቃለሁ፣ ሞላ» አለች። «ሲመሽ ለእኔ ይድረሰኝ። ለእሱ ራሴ እደውልለታለሁ።»

«እንግዲያው ያላለቀ ውስጥ ላድርገው?»

«አይ፣ ይጫኑት» አለች። «ዝግጁ ነው።»